ከዱባይ የመጡ አራት የመዓዛ ዘይት ጠርሙሶች፦ ለእናቴ የትኛውን፣ እንዴትና ስንት ጠብታ?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዴ ከነቃች ደግሞ ጎህ እስኪቀድ ዐይኗ አይከደንም። ባለፈው ወር ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ አራት ጠቆር ያሉ ጠርሙሶችና ውሃ እየተጨመረበት በኤሌክትሪክ ጭጋግ የሚያወጣ ዲፊዩዘር የሚባል ዕቃ ይዛላት መጣች። እያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በላያቸው የተጻፈውም ላቬንደር፣ ባሕር ዛፍ፣ ዕጣንና ዊንተርግሪን የሚል ነው። የመጨረሻውን ስም ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ሽታው ግን ለወገብ ሕመም የሚታሸውን ቅባት ይመስላል።

የአክስቴ ልጅ አጠቃቀሙን ስታስረዳን፣ ዕጣኑን ጠዋት ጠዋት ሦስት ጠብታ በሻይ እንድትጠጣ፣ ዊንተርግሪኑን ምንም ሳይቀላቀልበት ጉልበቷ ላይ እንድናሻት፣ ባሕር ዛፉን ደግሞ የፈላ ውሃ ላይ አድርገን አስም ያለበትን የወንድሜን የአራት ዓመት ልጅ እንድናጥነው ነገረችን። ላቬንደሩ ለእንቅልፍ ነው ተብሏል። እስካሁን የተጠቀምነው ዊንተርግሪኑን ብቻ ሲሆን፣ ማታ ማታ ከታሸች በኋላ ጉልበቷ እንደሚሞቃትና ሕመሙም ቀለል እንደሚልላት ትናገራለች። ዕጣኑን ግን አልጠጣም ብላለች፤ «ዕጣን ፍም ላይ ሲወድቅ ነው ዕጣን፤ ጠርሙስ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?» ነው መልሷ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይህ ዘይት እኛ ቡና ስናፈላ ከምናጤሰው ዕጣን ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ? መጠጣቱስ ያስኬዳል? ለልጁስ ይሆናል? እናቴ ሌላ የምትወስደው የደም ግፊት ኪኒንና ለልብ ምቷ የታዘዘላትን ዋርፋሪን ብቻ ነው።


የጀጎል ልጅ (ሐረር)

እህቴ፣ እናትዎን አላህ ያሽርልዎት። ከአራቱ ውስጥ እኔ ደፍሬ የምመክረው ላቬንደሩን ብቻ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ስጠቀምበት የቆየሁት በቀላሉ ነው፤ ልተኛ ስል ሁለት ጠብታ ጥጥ ላይ አደርግና ከራስጌዬ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ተአምር አይሠራም፤ እውነቱን ለመናገር የጠቀመኝ ዘይቱ ይሁን፣ ያ ሽታ ሲመጣ ስልኬን አስቀምጬ መብራት የማጥፋት ልማድ መያዜ ይሁን ለይቼ ማወቅ አልችልም። ሁለቱም ቢሆን ለእኔ ያው ነው፤ እንቅልፉ መጥቷል።

ስለ ቆዳ ግን የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ገዝቼ፣ ትንኝ ያባርራል ሲባል ስለሰማሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት እጄና አንገቴ ላይ ተቀብቼ ኦቾሎኒ ልጫን ወደ ባቢሌ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ማታ ቆዳዬ እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር፤ በማግሥቱ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ዘይቱ የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ቢድንም ጥቁር መስመሩ ግን ሳይለቀኝ መንፈቅ ቆይቷል። የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው «ቆዳህ ስስ ነው» አለኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ ጥፋቱ የሎሚው ዘይትና የፀሐይ ብርሃን መገናኘት እንደሆነ፣ ጤና አዳምም ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ከተወጣ እንዲሁ እንደሚያደርግ አስረዳኝ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ፀሐይ ደግሞ አያድርስ ነው።


የቀፊራዋ ዕጣን ነጋዴ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ እናትሽ ያሉት አነጋገር ደስ ብሎኛል። ቀፊራ ገበያ ዕጣንና ከርቤ ስሸጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ስለ ጠርሙሱ ባላውቅም ስለ ሙጫው ልናገር እችላለሁ።

ዕጣን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዛፉ ብዙ ነው። ከትግራይ፣ ከሑመራና ከመተማ የሚመጣው ነጣ ያለው፣ ፍም ላይ ሲያርፍ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ጣፋጭ ጠረን አለው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚፈልገውም በብዛት እሱን ነው። ከሶማሌላንድ በኩል የሚመጣው፣ ሶማሌዎቹ ፎሕ የሚሉት ደግሞ ጠረኑ ጠንከር ያለና የጥድ ሙጫ ወደሚመስል ያደላል። የኦጋዴንና የቦረና የሚባሉም አሉ፤ የቦረናው ጠቆር ይላል። መልመል የምንለው ከርቤ ሌላ ዛፍ ነው፤ ይመራል፣ ብዙ ሰው የሚወስደው ለአፍ መጉመጥመጫና ለቁስል ነው። የሶማሌ እናቶች ኡንሲ የሚሉት ደግሞ ሙጫ፣ ስኳርና ሽቶ ተነጥሮ የሚሠራ ነው እንጂ ጥሬ ዕጣን አይደለም። እንግዲህ ጠርሙሱ ላይ «ዕጣን» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የየትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ክዳኑን ከፍተሽ ብታሸቺው እንኳ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ከሆነ የእኛ የሰሜኑ ነው፤ ጥድ ጥድ የሚል ከሆነ የወዲያኛው ነው ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጭሱ ጥሩ ነው ብዬ ስሸጥ ኖሬ እኔው ራሴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረቅ ሳል ይዞኛል። ሐኪሙ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥዬ ዕጣን ማጤስ እንድተው ነግሮኝ፣ አሁን ማጨሻውን ደጅ በረንዳ ላይ አደርጋለሁ፣ ነፋሱ የሚበቃውን ያህል ወደ ቤት ያስገባልኛል። አስም ያለበት ልጅ ካለ፣ ልጄ፣ ጭስም ቢሆን ጠርሙስም ቢሆን ከእሱ ይራቅ።


ፋርማሲስት ከሐረር

የቀደሙት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ከሁሉ በፊት ጠያቂዋ በመጨረሻው መስመር ላይ እግረ መንገዳቸውን ወደጠቀሱት ነገር ልመለስ። እናትዎ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ጉልበታቸውን በዊንተርግሪን ይታሻሉ። እባክዎ ዊንተርግሪኑን ዛሬውኑ ያቁሙ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የዊንተርግሪን ዘይት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህም የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ለወገብ ሕመም የሚታሸውን ቅባት የመሰለዎትም ለዚሁ ነው፤ በእነዚያ ቅባቶች ውስጥ ያለው እሱው ነው፣ ልዩነቱ እዚያ ቀጥኖ መግባቱ ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነ ዊንተርግሪን ከ20 በላይ ባለ 325 ሚሊ ግራም የአስፕሪን እንክብሎች ያህል ሳሊሲሌት ይይዛል። ቆዳ ደግሞ በር የሌለው ግንብ አይደለም፤ በተለይ ከታሸና ከሞቀ ዘይቱ ወደ ደም ይገባል። ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ የደሙን የመርጋት ችሎታ ከሚፈለገው በታች እያወረደ ለመድማት እንደሚያጋልጥ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ድዳቸው ይደማ እንደሆነ፣ ሳይመቱ ቆዳቸው ላይ የበለዘ ቦታ ይታይ እንደሆነ፣ የሽንታቸው ወይም የሰገራቸው ቀለም ተለውጦ እንደሆነ ይመልከቱና፣ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም ዋርፋሪን የሚከታተሉበት ክሊኒክ ወስደው አይ.ኤን.አር. የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው። በራስዎ ፈቃድ ዋርፋሪኑን እንዳያቋርጡ ግን አደራ።

ዊንተርግሪኑ በቀረ ጊዜ ሕመሙ ቢመለስባቸው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተው እንዳይሰጧቸው፤ እነዚህም ከዋርፋሪን ጋር የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ለጉልበታቸው ምን እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። እስከዚያው በሰሊጥ ዘይት ብቻ በቀስታ ማሸት ይችላሉ፤ ማሸቱና ሙቀቱ ራሱም እፎይታ ይሰጣልና።

ወደ ልጁ ስመለስ፣ ባሕር ዛፉን ለእሱ በምንም መንገድ አይጠቀሙበት። በዘይቱ ውስጥ በብዛት ያለው ሲኒዮል፣ አንዳንዶች ዩካሊፕቶል የሚሉት፣ ለአዋቂ አፍንጫን የሚከፍት ስሜት ቢሰጥም፣ አስም ባለበት ሰው የአየር ቧንቧን ሊያስቆጣና ሊያጠብ ይችላል፤ በሕፃናት ፊት አጠገብ ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ እስከ ማስቸገር ይደርሳል። ከተጠጣ ጥቂት ሚሊ ሊትሩ ብቻ ልጅን ራሱን ሊያስትና ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ሽታው ከረሜላ የሚመስል፣ ክዳኑም በቀላሉ የሚከፈት ስለሆነ ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። አያድርገውና ልጁ ቢቀምሰው እንዲያስታውከው አያድርጉ፤ ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ጠርሙሱን ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የፈላ ውሃውም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ፎጣ ተከናንቦ ሲታጠን ድስት ተደፍቶበት የተቃጠለ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጠጣቱን በተመለከተ የእናትዎን ፍርድ እኔም እደግፋለሁ፤ የመዓዛ ዘይት በቤት ውስጥ በሻይም በውሃም በማርም አይጠጣም። ዘይትና ውሃ ስለማይቀላቀሉ ጠብታው እንደተንሳፈፈ ሄዶ አፍና ጉሮሮን ይለበልባል። ጀርመን ውስጥ ለጭንቀት የሚሰጥ 80 ሚሊ ግራም የላቬንደር ዘይት የያዘ እንክብል መኖሩ እውነት ነው፤ ግን እሱ መጠኑ ተለክቶ፣ ጥራቱ ተመዝኖ፣ ሰው ላይ ተሞክሮ የተዘጋጀ ነው። ያንን ምሳሌ አድርጎ ከጠርሙስ ጠብታ እየቆጠሩ መዋጥ አይቻልም።

ቆዳ ላይ ለመቀባት ሁልጊዜ መቅጠን አለበት። አንድ ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ነው ብለን ብንይዝ፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ውስጥ 3 ጠብታ ላቬንደር ማድረግ 1 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በዕድሜ ለገፋና ቆዳው ለሳሳ ሰው ይህ ይበቃል። መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብቶ እስከ ማግሥቱ መቆየት፣ ካሳከከ ወይም ከቀላ መተው ነው። የጀጎል ልጅ የደረሰባቸውን ዓይነት ችግር የሚያመጡት በተለይ ከልጣጭ የሚጨመቁት የሎሚና ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ዘይቶች ናቸው፤ ላቬንደር እንዲህ አያደርግም።


የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ከአራት ቀን በኋላ መመለሴ ነው፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ። የፋርማሲስቱን መልስ ያነበብኩት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እናቴን ጠርቼ መብራት ሥር አስቀምጬ ስመለከታት፣ በግራ ክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያህል ወይን ጠጅ መልክ ያለው የበለዘ ቦታ አገኘሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ስላት፣ ከሳምንት በፊት የባልዲ እጀታ ነክቷት ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ጥርሷን ስትፍቅ ምራቋ ሮዝ ሮዝ እንደሚል የነገረችኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ደጋግሜ ስጠይቃት ነው፤ መፋቂያው ሻክሯት መስሏት ነበር።

በማግሥቱ ምርመራው ተሠራላት። ከ2 እስከ 3 መካከል መሆን የሚገባው ቁጥር 4.8 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ የተቀባችውን በሙሉ ዘርዝራ እንድትነግረው ጠይቋት ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት፤ ለሁለት ቀን ዋርፋሪኑን እንዳትወስድ አድርጎ፣ ዛሬ በተደገመው ምርመራ ቁጥሩ ወርዷል። ያዘዘልን እሱ ስለሆነ እንጂ እኔ በራሴ አላቆምኩባትም። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ደንግጣ አለቀሰች። እሷም የሸጠላት ሰው የነገራትን ነው የነገረችን።

አሁን ሦስቱ ጠርሙሶች ቀርተዋል። ዕጣኑ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሆናል የሚል ነገር አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ይህ ምን ያህል እውነት ነው? ደግሞስ እነዚህ ጠርሙሶች የያዙት በእውነት የተባለውን ነው ወይስ ሽቶ ነው? እዚህ ገበያ ላይ በእርሳስ መጠን ጠርሙስ የሚሸጠው የዑድና የሚስክ ዘይት፣ ሐበሱዳም ጭምር፣ ሁሉም «ዘይት» ስለሚባሉ ግራ ተጋብቻለሁ።


የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ዘይት» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ደብቆብናል። ሐበሱዳ፣ ማለትም የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ እንደ ኑግና ሰሊጥ ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው፤ ድሬዳዋ መንገድ ዳር ጥላ የሚሰጠን የኒም ዛፍ ፍሬም እንዲሁ ተጨምቆ ዘይት ይሰጣል። የዑድና የሚስክ ጠርሙሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ በፋብሪካ የተቀመመ ሽቶ በቅባት ውስጥ የተበረዘባቸው ናቸው፤ ለልብስና ለበዓል ያምራሉ፣ ከዚህ ርዕስ ጋር ግን አይገናኙም። የመዓዛ ዘይት ወይም ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ሦስተኛው ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቅጠሉ ወይም ሙጫው ጋን ውስጥ ይገባል፣ እንፋሎት በውስጡ ያልፋል፣ እንፋሎቱ በቀላሉ የሚተንኑትን የሽታ ንጥረ ነገሮች ይዞ በቧንቧ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከላይ የሚቀዳው ዘይት ነው፤ ከሥር የሚቀረው መዓዛ ያለው ውሃ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችንም አዲስ አይደለም፤ ወንዶ ገነት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጠጅ ሣር ባሉ መዓዛማ ተክሎች ላይ ሲሠራ ኖሯል።

የእናትዎ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ዕጣን ፍም ላይ ሲወድቅ የሚተነውም የማይተነውም በአንድ ላይ ይቃጠላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ግን የሚተነው ክፍል ብቻ ነው። ስለ ዕጣንና ስለ መገጣጠሚያ የተደረጉት ጥናቶች ዋና ትኩረታቸው ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ ከባድ ስለሆኑ በእንፋሎት አይነሡም፣ ጋኑ ውስጥ ከሙጫው ዝቃጭ ጋር ይቀራሉ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው የሙጫው ዝና ለዘይቱ በውሰት የተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢንሴንሶል አሴቴት የሚባል፣ ከዕጣን ሙጫ ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር አይጦችን እንደሚያረጋጋ ያሳየ ጥናት ወጥቶ ብዙ ተወርቶለታል፤ የተሞከረው ግን በመርፌ፣ አይጥ ላይ ነው። ሽታው ለእኛ መረጋጋት የሚሰጠን ቡናው፣ ማታው፣ ወዲያ ወዲህ ማለት መቆሙ አብሮት ስለሚመጣ ነው ቢባል አይጋነንም፤ ያም ቢሆን ጥቅም አይደለም ማለቴ አይደለም።

የቀፊራዋ እናታችን ስለ ጠረኑ የተናገሩት እጅግ አስደንቆኛል። የሰሜኑ ዕጣን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ ዘይቱ በአብዛኛው ኦክቲል አሴቴት ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር የብርቱካን መዓዛ አለው። የሶማሌላንዱ ቦስዌሊያ ካርተሪ ደግሞ በብዛት አልፋ ፓይኒን ይይዛል፤ እሱ በጥድ ውስጥ ያለው ነው። እኛ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል መሣሪያ የምንለየውን እሳቸው በአፍንጫቸው ለይተውታል።

ጠርሙሶቹን ለመፈተሽ በቤት የሚቻል አንድ ነገር አለ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ከየጠርሙሱ አንድ አንድ ጠብታ፣ ከጎናቸው ደግሞ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት አድርገው እስከ ማግሥቱ ይተዉት። የምግብ ዘይቱ ወረቀቱን እንዳሳለፈ፣ ብርሃን እያስተላለፈ ይቀራል፤ ላቬንደሩና ባሕር ዛፉ ግን ተንነው ምልክታቸው ሊጠፋ ይገባል። የቅባት ክብ ከተዉ በሌላ ዘይት ተበርዘዋል ማለት ነው። ዕጣኑ ስስ የሆነ ጠርዝ ቢተው አይግረምዎት። ይህ ሙከራ በአልኮል ወይም በፋብሪካ ሽቶ የተበረዘውን አይለይም፤ ስለዚህ መለያውንም ያንብቡ። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የበቀለበት አገርና ከየትኛው ክፍሉ እንደወጣ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ እኔ አልገዛም። ላቬንደሩ ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ከሆነ ለእንቅልፍ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ላቲፎሊያ የሚባለው ካምፎርና ሲኒዮል ስለሚበዛበት ከማስተኛት ይልቅ ያነቃል።

ስለ ሙቀት ሳልናገር ባልፍ ከድሬዳዋ ሰው ጋር እንዳላወራሁ ይቆጠራል። እነዚህ ዘይቶች ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ያበላሻቸዋል፤ በተለይ በላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሉል አየር እየነካው ሲከርም ወደሚያሳክኩ ነገሮች ይለወጣል፣ ትናንት የተስማማው ቆዳ ዛሬ ሽፍታ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክዳኑን አጥብቆ፣ ከልጁ እጅ ርቆ፣ ከተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። የከፈቱበትንም ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉበት።

ለጀጎሉ ወንድሜ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ትንኝ ድሬዳዋ ላይ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ በስቴፈንሲ ትንኝ የመጣ ወባ አይተናል። የሎሚ ዘይት ከቆዳ ላይ ቶሎ ይተንና ሳያስቡት ለትንኙ ይተውዎታል። ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው የባሕር ዛፍ ዓይነት የሚዘጋጀውና ፒ.ኤም.ዲ. የሚባለው መከላከያ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ነው፤ እሱም ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይቀባም፣ ከጥሬው ዘይት ጋርም አንድ አይደለም። ደንጌና ቺኩንጉንያን የምታመጣው ትንኝ በቀን ስለምትነድፍ፣ አጎበሩን ለሌሊቱ ትተን ክዳን የሌለውን የውሃ በርሜል መክደን ከማናቸውም ጠርሙስ ይልቃል።


የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ሙከራ ትናንት ማታ አደረግሁት። ጠዋት ሳየው የምግብ ዘይቱ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል፤ ባሕር ዛፉ የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ባልከብበው ኖሮ አላገኘውም ነበር፤ ላቬንደሩም ጠፍቷል። ዕጣኑ እንደተባለው ስስ ቢጫ ጠርዝ ትቷል። ለእናቴ አሸተትኳትና ወዲያውኑ «ይህ የጥድ ነው፣ የእኛ ቤት አይደለም» አለች፤ የቀፊራዋን እናት ቃል አላነበብኩላትም ነበር። ላቬንደሩ ላይ አንጉስቲፎሊያ የሚል ተጽፏል።

ባሕር ዛፉን ከቤት አስወጥቼዋለሁ። ዲፊዩዘሩን ልጁ በማይተኛበት በእናቴ ክፍል፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ፣ በሦስት ጠብታ ላቬንደር ለግማሽ ሰዓት አስነሣዋለሁ፤ እሷ ስትተኛ አጠፋዋለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አሁንም ትነቃለች። ነገር ግን ከትናንት በስቲያ ተመልሳ የተኛችው አሥር ሰዓት ሳይሆን ነው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ዊንተርግሪኑን ምን ላድርገው የሚለው ነው፤ ግማሹ አለ፣ መጸዳጃ ውስጥ ልድፋው?


ፋርማሲስት ከሐረር

ቁጥሩ በመውረዱ ደስ ብሎኛል፤ የሚቀጥለውን የምርመራ ቀጠሮ ግን እንዳያሳልፉት፣ ሳሊሲሌቱ ከሰውነታቸው ሲወጣ የዋርፋሪኑ መጠን እንደገና መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላልና። ለእንቅልፋቸውም ከሰዓት በኋላ የሚጠጡትን ቡና ስንት ስኒ እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ቶናውንና በረካውን ማታ የሚጠጡ ከሆነ ላቬንደሩ ብቻውን አይችለውም።

ዊንተርግሪኑን መጸዳጃም ቧንቧም ውስጥ አይድፉት። ክዳኑን አጥብቀው በፌስታል ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ «መርዝ፣ አይጠጣ» ብለው ይጻፉና ቅርብዎ ባለ መድኃኒት ቤት ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት ጋር እንዲያስወግዱልዎ ይስጧቸው። የአክስትዎ ልጅም ለሌላ ሰው ገዝታ ከነበረ፣ ለማን እንደሰጠች ይጠይቋት።